የጨዋታ ሕግ፤ ከሰንጠረዥ እስከ ስኮፓ

ሰው ከሥራው በሚያርፍበት ሰዓት የሚጫወተው ጨዋታ ከንቱ የጊዜ ማሳለፊያ ብቻ መስሎ ይታያል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን ጨዋታ ያለ ሕግ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሊቆም አይችልም። ሁለት ሰዎች በአንድ ገበታ ፊት ለፊት በተቀመጡ ጊዜ፣ አፍ አውጥተው ባይናገሩትም፣ በአንድ ሕግ ለመገዛት ተስማምተዋል ማለት ነው። ሕጉን ያላወቀ ሊጫወት አይችልም፤ ሕጉን ያፈረሰ ጨዋታውን ያፈርሳል፤ ሕጉ የተረሳበትም ጨዋታ ዕቃው ቢቀር እንኳ ራሱ ሞቷል። ጠጠሩና ገበታው፣ ካርታውም ቢሆን ሥጋው ነው፤ ነፍሱ ግን ሕጉ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሁለት ጨዋታዎችን ታሪክ ለአንባብያን ለማቅረብ አስበናል። አንደኛው የነገሥታትና የመኳንንት መጫወቻ የነበረው ሰንጠረዥ ነው። ሁለተኛው በአዲስ አበባ፣ በመርካቶ፣ ሲኒማ ራስ በሚባለው ሰፈር ከአንድ አዛውንት የተማርነው ስኮፓ የተባለ ትንሽ የካርታ ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው ታላቅ ነበረ፤ ጠፋ። ሁለተኛው ታናሽ ነው፤ ገና አለ። የታላቁን መጥፋት ያስተዋለ ሰው ስለ ታናሹ ዝም ሊል አይገባውም ብለን ስላመንን፣ ታሪኩንም ሕጉንም ብልኀቱንም ባንድነት ጻፍነው።

የሰንጠረዥ ዕጣ

ሰንጠረዥ የሚለውን ቃል ዛሬ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። የበጀት ሰንጠረዥ፣ የደመወዝ ሰንጠረዥ፣ የዕቅድ ሰንጠረዥ እየተባለ በየቢሮው ይዘጋጃል፤ አለቃ ይመረምረዋል፤ ፋይል ውስጥ ይገባል። ቃሉ በመሥመርና በዐምድ የተከፈለ ገጽ ማለት ሆኖ በመካከላችን ይኖራል። በአያቶቻችን ዘመን ግን ሰንጠረዥ ቢባል የሰው ልብ የሚሄደው ወደ ንጉሡ፣ ወደ ፈረሱና ወደ ወረራው ነበረ።

የጨዋታው የትውልድ አገር ህንድ ነው። በዚያ ቻቱራንጋ ይባል ነበረ፤ ትርጓሜውም አራት ክፍል ያለው ሠራዊት ማለት ነው። ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስም ወደ ዐረቦች አልፎ ሸጠረንጅ ተባለ። የኛም ሰንጠረዥ የዚሁ ስም ዘመድ ለመሆኑ ድምፁ ራሱ ይመሰክራል። ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ ከፋርስ የመጣ አማካሪ ነው፤ ፊል የተባለውም በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው። ንጉሡ ግን ንጉሥ፣ ፈረሱም ፈረስ ተብሎ በራሳችን ቋንቋ ተጠራ። እንግዳ ሆኖ የገባው ጨዋታ እያደር እንዲህ ባለ አገር ሆነ።

በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ ማለት ከ1500 እስከ 1532 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ቢቺኒ የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ወደ ትግራይ መጥቶ ራስ ወልደ ሥላሴ በዚህ ጨዋታ ይደሰቱ እንደ ነበረ አይቷል፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1814 ታተመ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ደግሞ ስለ ጨዋታው ሕግ ጻፈ፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1860 ሞቶ ጽሑፉ በ1868 ለኅትመት በቃ። በመጨረሻም ሪቻርድ ፓንክኸርስት የሰንጠረዥን ታሪክና ሕግ ከየመጽሐፉ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1971 አሳተሙ።

ይህ ጨዋታ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለይበት ዋናው ነገር አጀማመሩ ነው። በቼዝ አንዱ ተጫዋች አንድ ጊዜ ካንቀሳቀሰ ተራው የሌላው ነው። በሰንጠረዥ ግን አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም እንደ ፈቀዱ፣ በፈቀዱትም ፍጥነት ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ አይቶ የራሱን ይለውጣል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር በተበላ ጊዜ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጨዋታው በየተራ ይሆናል። የአጨራረሱም ነገር ክብርና ነውር ነበረው። ኀይለኛ በሆነው በደር ንጉሥን መያዝ እንደ ዝቅተኛ ድል ሲቈጠር፣ በታናናሾቹ ጠጠሮች መያዝ ግን ተጫዋቹን ያስመሰግነው ነበረ።

እንግዲህ አንባቢ አንድ ነገር ያስተውል። የዚህን የቤተ መንግሥት ጨዋታ ሕግ ዛሬ በዝርዝር የምናገኘው ከመንገደኞችና ከእንግዶች ጽሑፍ ነው። ጨዋታውን ሌት ተቀን የሚያውቁት ሰዎች ግን ሁሉ ሰው የሚያውቀውን ነገር መጻፍ ምን ይጠቅማል ብለው ያሰቡ ይመስላል። ሁሉ ሰው የሚያውቀው ነገር ግን ሁሉ ሰው ሊረሳው የሚችል ነገር ነው። ዛሬ ሰንጠረዥን በልማድ የሚጫወት ሰው አይገኝም፤ ወጣቱ ቼዝ ይጫወታል። ስሙ በየፋይሉ ሲቀር ጨዋታው ሄደ።

ካርታ ከየት መጣ

ካርታ በኛ ቋንቋ ሦስት ነገር ነው፤ የአገር መልክ የተሣለበት ወረቀት ካርታ ነው፤ የቤትና የቦታ ይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ነው፤ የመጫወቻውም ወረቀት ካርታ ነው። በጣሊያንኛም ካርታ ማለት ወረቀት ነው። በሦስተኛው ካርታ ሁለተኛውን ያጣ ሰው እንዳለ ሽማግሌዎች ሲያወሩ እንሰማለን፤ ስለ ቁማር ወደ ኋላ የምንለው ይኖረናል።

ወረቀት የተፈለሰፈው በቻይና ነው፤ የመጫወቻውም ካርታ ትውልድ ከዚያው እንደ ሆነ ይታመናል። ወደ ምዕራብ በተጓዘ ጊዜ በማምሉኮች ግብፅ ታላቅ መልክ ያዘ። ከማምሉኮች ዘመን የቀረ በእጅ የተሣለ ያማረ ካርታ በኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ይገኛል። የሙሉው ካርታ ቊጥር 52 ሲሆን በአራት ወገን የተከፈለ ነው፤ ወገኖቹም ዋንጫ፣ የወርቅ ገንዘብ፣ ሰይፍና በፈረስ ተቀምጠው ኳስ የሚመቱበት ቆልማማ ዱላ ናቸው።

ካርታው ባሕር ተሻግሮ ጣሊያን ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1377 የፍሎሬንስ ከተማ ሹማምንት ስለ ካርታ ጨዋታ የክልከላ ትእዛዝ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ጣሊያኖቹ ዋንጫውን፣ ገንዘቡንና ሰይፉን እንዳለ ተቀበሉ። የፈረስ ላይ ኳስ ግን በአገራቸው ስላልነበረ ዱላውን ተራ በትር አደረጉት። በገና በዓል በቆልማማ ዱላ ጥንግ ሲመታ ላደገ ያገራችን ልጅ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ ይህን ያህል እንግዳ ባልሆነበት ነበር። ይህን ትንሽ ነገር ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ጣሊያኖች ወደ አገራችን ይዘውት የመጡት ካርታ ለእነርሱም ከሌላ የተቀበሉት ነበረ።

ስኮፓ በደቡብ ጣሊያን፣ በናፖሊ አካባቢ እንደ ጀመረ ይነገራል። የቃሉ ትርጓሜ መጥረጊያ ነው። በቀላል ዕቃ፣ በትንሽ ገበታ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ በመሆኑ የወታደሩ፣ የግንበኛው፣ የሾፌሩና የመካኒኩ የዘወትር ጨዋታ ሆነ።

መርካቶና ሲኒማ ራስ

ጣሊያኖች ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ከተማዪቱን በዘር ለይተው ለመክፈል ዐቀዱ። በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረውን ታላቅ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ ስሙንም መርካቶ ኢንዲጄኖ፣ ማለት የአገሬው ሰዎች ገበያ አሉት። አራዳን ለራሳቸው ለማድረግ ነው። በየካቲት ወር 1929 ዓ.ም. በከተማው ሕዝብ ላይ የፈጸሙት ጭፍጨፋ የሚረሳ አይደለም። በዚያው እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጡትም ሕግ አንድ ጣሊያናዊ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር በእስራት የሚያስቀጣ ነበረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ተመልሰው ነፃነት ሲገኝ ኢንዲጄኖ የሚለው የውርደት ቃል ወደቀ፤ መርካቶ የሚለው ብቻ ቀረ፤ ሰፈሩም አዲስ ከተማ ተባለ።

መርካቶ የሚኖረው በተራ ነው። ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሚሊተሪ ተራ፣ ምናለሽ ተራ እየተባለ ዕቃው ሁሉ በየወገኑ ተደርድሮ ይሸጣል። ከነዚህ ተራዎች መካከል ሲኒማ ራስ አለ። ሲኒማ ቤቱ ኋላ ወደ ቴአትር ቤትነት ተለውጦ ራስ ቴአትር ተባለ፤ ሰፈሩ ግን በቀድሞው ስም እንደ ተጠራ ኖረ። በሲኒማው ዘመን ፊልም እስኪጀመር የሚጠብቅ፣ ዕቃ ጭኖ ሒሳብ የሚጠብቅ፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ በዚህ አካባቢ ይሰበሰብ ነበረ። መጠበቅ ባለበት ሻይ ቤት አለ፤ ሻይ ቤት ባለበትም ካርታ አይጠፋም።

ከነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ብቀላን ስለ ከለከሉ፣ ብዙ ጣሊያኖች ከአገር ቢወጡም፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ጥቂቶች ቀርተው ጋራዥና የእንጨት ሥራ ቤት ከፍተው ይሠሩ ነበረ። እኛን ያስተማሩን አዛውንት በልጅነታቸው ከእንደነዚህ ያሉት ጋራዦች በአንዱ ረዳት ነበሩ። በምሳ ሰዓት ባለቤቱና ወዳጁ ካርታ ሲጫወቱ፣ እርሳቸው የብሎን ዕቃ እያጠቡ ከጎን ሆነው ይመለከቱ ነበረ። ማን እንዳስተማራቸው በጠየቅናቸው ጊዜ፣ «ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ዐይኔ ነው የሰረቀው» ሲሉ መለሱልን። አንድ ቀን የባለቤቱ ወዳጅ ሳይመጣ ቀረ። ባለቤቱም እንደ ቀልድ አድርጎ ልጁን ከፊቱ አስቀመጠው። ጨዋታው ሲያልቅ ቀልዱ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ሰዓት ጌታና ረዳት፣ በምሳ ሰዓት ግን እኩል ተጫዋቾች ሆነው ኖሩ። የሥራ ልብስ ለብሶ የመጣ ልጅ የባለቤቱን ንጉሥ ሲበላ ማንም «ምነው ደፈርህ» ሊለው አይችልም፤ ሕጉ ይህን ፈቅዷልና።

በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነታችን ዘመን፣ እኒህ አዛውንት በሲኒማ ራስ አካባቢ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ እኛን ማስተማር ሲጀምሩ አስቀድመው ያስታወቁን ነገር ሁለት ነበረ። አንደኛው፣ «ልጆቼ፣ ይህ ለሻይ እንጂ ለደመወዝ አይደለም» የሚል ነው፤ የተሸነፈው ሻይ ይከፍላል፣ ከዚያ ያለፈ ገንዘብ ገበታው ላይ አይወጣም። ሁለተኛው፣ «እጃችሁን ግለጡ» የሚል ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ካርታችንን ሳንደብቅ፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርገን እንድንጫወት አደረጉን። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ለምን ይህን ጣልህ፣ ለምን ያን ተውህ እያሉ ይመረምሩ ነበር። በተገለጠ ካርታ ማሰብ የተማረ ሰው በተደበቀ ካርታ መገመት አያቅተውም ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ከወራሪ እጅ የመጣ ጨዋታ መማር አያሳፍርምን? እኛ አያሳፍርም እንላለን። ካርታውን ጣሊያኖች ከማምሉኮች ተቀበሉት፤ ማምሉኮችም ከምሥራቅ ተቀበሉት። የኛም ሰንጠረዥ ከህንድ በፋርስና በዐረብ በኩል መጥቶ የነገሥታቶቻችን ሆኗል። ወራሪው የሚነቀፍበት ሥራ ሰውን ከሰው የለየበት ሕጉ ነው፤ ያ ሕግ ከእርሱ ጋር ተባረረ። ሁለት ሰዎችን እኩል የሚያስቀምጠው የጨዋታው ሕግ ግን ለተማረው ሁሉ ነውና ቀረ።

የስኮፓ ሕግ

ስኮፓ በሁለት ሰው ይጫወታሉ። ካርታው 40 ሲሆን በአራት ወገን ይከፈላል። የጣሊያን ካርታ ባልተገኘ ጊዜ ከተለመደው ባለ 52 ካርታ ከየወገኑ ስምንቱን፣ ዘጠኙንና ዐሥሩን ማውጣት ነው፤ እኛም የተማርነው በዚህ ዓይነት ነው። ከአንድ እስከ ሰባት ያሉት በቊጥራቸው ይቈጠራሉ። ከዚያ በላይ ሦስት ባለ ሥዕሎች አሉ፤ ፋንቴ የተባለው ወታደር 8፣ ፈረሰኛው 9፣ ንጉሡ 10 ነው። በተለመደው ካርታ የፈረሰኛውን ቦታ ንግሥቲቱ ትይዛለች። የወርቅ ገንዘቡን ወገን ቦታ ደግሞ ቀይ አራት ማዕዘን ያለበት ወገን ይይዛል።

ካርታው ይበወዛል። ብወዛ የሚለው ቃል ዛሬ ለሹም ሽርም ስለሚነገር ለመንግሥት ሠራተኛ ማብራሪያ አያሻውም። አዳዩ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ካርታ ያድላል፤ አራት ካርታም በገበታው ላይ ፊታቸውን ገልጦ ያስቀምጣል። መጀመሪያ የሚጫወተው ያላደለው ነው። ሦስቱ ካርታ ሲያልቅ እንደገና ሦስት ሦስት ይታደላል፤ በገበታው ላይ ግን ሌላ አይጨመርም። ከአራቱ የቀሩት 36 ካርታዎች በዚህ ዓይነት በስድስት ዕደላ ያልቃሉ።

ተራው የደረሰው ሰው ከእጁ አንድ ካርታ ይጥላል። በገበታው ላይ በቊጥር እኩያው ካለ ይበላዋል፤ ሁለቱንም ወስዶ በፊቱ ይከምራል። እኩያ ባይኖር፣ ተደምረው ከጣለው ካርታ ጋር እኩል የሚሆኑ ካርታዎች ካሉ እነርሱን ይበላል፤ ለምሳሌ ሰባት ጥሎ አራትንና ሦስትን ይወስዳል። ነገር ግን አንድ እኩያ እያለ ድምሩን መምረጥ አይፈቀድም። በገበታው ላይ ሰባት፣ አራትና ሦስት ቢገኙ ሰባት የጣለ ሰው ሰባቱን እንጂ አራትንና ሦስትን ሊወስድ አይችልም። የሚበላው ያጣ ካርታ በገበታው ላይ ይቀራል።

አንድ ተጫዋች በገበታው ላይ ያለውን ሁሉ በአንድ ካርታ ጠርጎ ቢወስድ ያን ጊዜ ስኮፓ አደረገ ይባላል፤ አንድ ነጥብም ያገኛል። የጨዋታው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በመጨረሻው ዕደላ በገበታው ላይ ተርፎ የቀረው ሁሉ መጨረሻ ለበላው ሰው ይሰጣል፤ በመጨረሻው ካርታ መጥረግ ግን እንደ ስኮፓ አይቈጠርም።

ካርታው ሲያልቅ ሒሳብ ይደረጋል። ከጥርጊያው ነጥብ ሌላ አራት ነጥቦች አሉ። ከሃያ የሚበልጥ ካርታ የሰበሰበ አንድ ነጥብ ያገኛል። ከወርቅ ገንዘቡ ወገን ከአምስት የሚበልጥ የሰበሰበ አንድ ነጥብ ያገኛል። በሁለቱም ነገር እኩል ቢሆኑ ነጥቡ የማንም አይደለም። ሰቴቤሎ፣ ማለት ውቡ ሰባት የሚባለውን የወርቅ ገንዘቡን ሰባት የያዘ አንድ ነጥብ ያገኛል። የመጨረሻው ፕሪሚዬራ ይባላል። ለዚህ እያንዳንዱ ተጫዋች ከየወገኑ አንድ የተሻለ ካርታ መርጦ ይደምራል፤ የዋጋቸውም ልክ ልዩ ነው፤ ሰባት 21፣ ስድስት 18፣ አንድ 16፣ አምስት 15፣ አራት 14፣ ሦስት 13፣ ሁለት 12፣ ባለ ሥዕሎቹ ሁሉ 10 ናቸው። ድምሩ የበለጠ አንድ ነጥብ ይወስዳል። ንጉሡ በገበታው ላይ ከሁሉ የበለጠ ሲሆን በዚህ ሒሳብ ከሁለት ቊጥር እንኳ ያንሳል። አስቀድሞ 11 ነጥብ የደረሰ ያሸንፋል።

የስኮፓ ብልኀት

ሕጉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይያዛል፤ ብልኀቱ ግን ዓመታት ይፈጃል። አዛውንቱ ካስተማሩን ዋና ዋናዎቹን አራቱን እንጽፋለን።

የመጀመሪያው፣ ለባላጋራህ ከዐሥራ አንድ በታች አትተውለት የሚል ነው። ከካርታው ሁሉ ትልቁ ቊጥር 10 ስለ ሆነ፣ በገበታው ላይ የቀረው ድምር 11 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በአንድ ካርታ ሊጠርገው የሚችል የለም። ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን በሩ ክፍት ነው። ምሳሌ እንስጥ። በገበታው ላይ ሁለት፣ ሦስትና ስድስት አሉ፤ በእጅህ አምስት፣ አንድና ንጉሥ ይዘሃል እንበል። ጀማሪ ሰው በአምስቱ ሁለትንና ሦስትን በልቶ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ስድስቱን ብቻውን ትቶታል፤ ባላጋራው ስድስት ቢይዝ ጠርጎ ነጥብ ያገኛል። አንዱን ቢጥል ደግሞ ድምሩ 12 ሆኖ ከጥርጊያ ይድናል፤ ነገር ግን አንዱና ስድስቱ ተደምረው ለባላጋራው ሰባት ይጋበዛሉ። ዐዋቂ ንጉሡን ይጥላል። ዐሥር የሚሆን ድምር ስለሌለ ንጉሡ ምንም አይበላም፤ ድምሩ ግን 21 ይሆናልና ሊጠረግ አይችልም። ሁለት ካርታ ከመብላት አንድ ካርታ መጣል የሚበልጥበት ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።

ሁለተኛው፣ ሰባትን አክብር የሚል ነው። ሰባቶቹ በፕሪሚዬራ ሒሳብ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ብቻውን ነጥብ ነው፤ ያው ካርታ በወርቅ ገንዘቡም ቊጥር ይገባል። ስለዚህ ሰቴቤሎ ገና ሳይወጣ ሰባትን በገበታው ላይ መጣል፣ ወይም ተደምረው ሰባት የሚሆኑ ካርታዎችን መተው፣ ባላጋራን እጅ ይዞ ወደ ግምጃ ቤት እንደ መምራት ነው። ከሰባት ቀጥሎ ስድስቶቹ ሊናቁ አይገባም።

ሦስተኛው ቈጠራ ነው። ከእያንዳንዱ ቊጥር አራት ካርታ ብቻ አለ። ሦስት ንጉሥ የወጣ እንደ ሆነ አራተኛው በእጅህ ከሌለ ወይ ገና አልታደለም ወይ ባላጋራህ ይዞታል። በስድስተኛው ዕደላ ደግሞ የማይታወቅ ነገር የለም። ያለፉትን 34 ካርታዎች ልብ ብሎ የያዘ ሰው፣ በእጁ ያሉትን ሦስቱን ሲጨምርባቸው የባላጋራው ሦስት ካርታዎች የትኞቹ እንደ ሆኑ እንደ ተገለጡ ሆነው ይታዩታል። አዛውንቱ እጃችንን አስገልጠው መጀመራቸው ለዚህ ነበረ፤ ፍጻሜው ወደ መጀመሪያው ይመለሳልና።

አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ እርሱም ጥንድን መጠበቅና ጥንድን ማፍረስ ነው። ካርታዎች እኩያ ከእኩያ እየተጋጠሙ ሲበሉ ከየቊጥሩ የሚቀረው ሁልጊዜ ጥንድ ነው፤ እንደዚህ ሲሆን መጨረሻ የሚጥለው አዳዩ የሚገጥመው ካርታ የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። ሰባት አራትንና ሦስትን በልቶ ሲሄድ ግን ከሰባትም፣ ከአራትም፣ ከሦስትም የሚቀረው ሦስት ሦስት ነው፤ ጥንዱ ፈረሰ። ስለዚህ አዳዩ ጥንዱ እንዳይፈርስ ይጠነቀቃል፤ ያላደለው ደግሞ ለማፍረስ ምክንያት ይፈልጋል። ይህን ያወቀ ሰው በአንድ ገበታ ሁለት ዓይነት ጨዋታ ይጫወታል፤ ሲያድል አንድ ሰው ነው፣ ሳያድል ሌላ።

ከነዚህ ከአራቱ እንደሚታየው ዕድል ካርታውን ይሰጣል እንጂ ጨዋታውን አይጫወትም። ቁማርተኛ ግን የሚፈልገው ይህን አይደለም። ገንዘቡ በገበታው ላይ በወጣ ጊዜ ልቡ ከካርታው ወደ ገንዘቡ ይሄዳል፤ ቈጠራው ይጠፋል፤ የተሸነፈው ለማስመለስ፣ ያሸነፈው ለመጨመር ሲል ይመሻል። ከዚያም አልፎ ካርታ የሚደብቅ፣ ምልክት የሚያደርግ እጅ ይመጣል። ሕጉ ፈርሷልና ያ ጨዋታ አይባልም። ለሻይ እንጂ ለደመወዝ አይደለም የተባለው ምክር የድኻ ምክር ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እኛ ግን ጨዋታውን በሕይወት ያቆየው አምስተኛው ብልኀት እርሱ ነው እንላለን።

መደምደሚያ

ሰንጠረዥ የሚጠብቁት ነገሥታት ነበሩት፤ ሆኖም ጠፋ። ስኮፓ በመርካቶ የሚጠብቀው ሹም አልነበረውም፤ በዘይት ከጨቀየ እጅ ወደ ተማሪ እጅ፣ ከአንድ በረንዳ ወደ ሌላው በረንዳ አለፈ። ይሁን እንጂ በዚህ ሊመካ አይችልም። የሚያውቁት አዛውንቶች እያነሱ ነው፤ ከዐይን ወደ ዐይን ብቻ የሚተላለፍ ነገር ሁሉ አንድ ትውልድ ፊቱን ያዞረ ቀን ይቋረጣል። ጣሊያኖች በአገራቸው ስለ ጻፉት ስኮፓ ከዓለም አይጠፋም፤ በሲኒማ ራስ የተማርነው ግን እጅ ገልጦ የማስተማሩ ዘዴና የሻዩ ደንብ ያለበት ነው፤ ያን የሚጽፍልን ሌላ አገር የለም።

የገበጣም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ገበጣ በአገራችን ከአውራጃ አውራጃ በጉድጓዱ ቊጥር፣ በጠጠሩ ብዛት፣ በአበላሉም ይለያያል። በአንዱ አገር የሚጫወቱትን ሌላው አያውቀውም። አንባብያን ሆይ፣ በየትውልድ ቦታችሁ የሚታወቀው ጨዋታ ሕጉ እንዴት ነው? ጉድጓዱ ስንት ነው? ማን ይጀምራል? መቼ ይበላል? መቼ ያበቃል? ይህን ከአያቶቻችሁ ጠይቃችሁ፣ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቀኑንና ቦታውን ጨምራችሁ ጻፉት። ሥራው የአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የሰንጠረዥን ሕግ ለማወቅ የእንግሊዝ ቆንስል መጽሐፍ መግለጥ ግድ ሆኖብናል፤ የገበጣውንም ሕግ የልጅ ልጆቻችን ከባዕድ መጽሐፍ እንዲፈልጉ ልናደርጋቸው አይገባም።